ጉድጓዱ ተሞላ፤ አፈሩስ የት ደረሰ?

ሪፖርት ላይ የምትወጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ማዕድን የወጣበት ቦታ መልሶ እንዲለማ ተደርጓል»። አጭር ናት፤ ማንንም አታስቀይምም። አጠገቧ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶው ላይ አንድ ቀይ ሜዳ ይታያል፤ ሜዳው ላይ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች አጎንብሰው ችግኝ ይተክላሉ፤ ከኋላቸው ባነር ተወጥሯል። ፎቶው ሁልጊዜ ሐምሌ ውስጥ የተነሣ ነው። ያንኑ ቦታ መስከረም ላይ ያነሣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የዛሬው ነገሬ በሐምሌና በመስከረም መካከል ስላለው ነው።

በመካከላቸው ያለው ክረምት ነው። የደጋው ሕዝብ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የሚያገኘው በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ያውም አንዳንድ ቀን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ የሳምንት ያህል ነው። ችግኝ የተተከለበት ያ ቀይ ሜዳ በዚያ ዶፍ ሥር ምን ሆነ? ስንቱን አፈር ይዞ ቀረ? ስንቱን ለቀቀ? የለቀቀውስ የማን ማሳ ላይ አረፈ? እስቲ ይህንን ለወረዳው ባለሙያ፣ ለዞኑ ኃላፊ፣ ለክልሉ ቢሮ አቅርቡና የምታገኙትን መልስ ንገሩኝ። የችግኙን ቁጥር ይነግሯችኋል። የጽድቀት መጠኑንም በመቶኛ ይነግሯችኋል። አፈሩን ግን የሚነግራችሁ የለም። ደብቀው እንዳይመስላችሁ፤ የለካው ሰው ስለሌለ ነው።

ነገሩን ወግዲ ላይ አድርጌ ልናገር። ወግዲን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ መሬቱ ደጋውን ጨርሶ ወደ አባይ የሚወረወርበት ጫፍ ነው። ወንዙ ድንበሩ ነው፤ ማዶው ጎጃም። እዚያ አገር ከአንድ ኮረብታ የተነቀለ አፈር ብዙ አይንከራተትም። ጅረት ያገኛል፣ ጅረቱ ገደል ያገኛል፣ ገደሉ አባይን ያገኛል። ሜዳማ አገር ላይ አፈር ቢሸሽ መንደሩ ጥግ ያርፍ ይሆናል፤ ወግዲ ላይ የሸሸ አፈር ሸሸ ነው።

«ወግዲ ደግሞ ምን ማዕድን አለውና?» የሚለኝ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ እንደ ለገደንቢ ያለ በስሙ የሚጠራ የወርቅ ጉድጓድ የለውም። ግን አዋጁን ገልጣችሁ እዩ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለግንባታ የሚውለውን ድንጋይ፣ አሸዋና ጠጠር ከማዕድን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ካባ ድንጋይ የሚፈነቀልበት ተራራ፣ ለመንገድ ገረጋንቲ የሚታፈስበት ጉብታ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ አሸዋ የሚዛቅበት ወንዝ ሁሉ ማዕድን ማውጫ ነው። መንገድ በገባበት የደጋ ወረዳ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁስል አለ። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን ወርዶ ወሎን ከጎጃም የሚያገናኘው መንገድ ጠጠሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንዱ ኮረብታ ወገብ ላይ ተቆርጦ ነው የመጣው። መንገዱን እየተቃወምኩ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ በምትወሰድበት አገር መንገድን የሚቃወም ሰው ልቡ ሌላ ነው። የምጠይቀው የኮረብታውን ወገብ ነው።

ኮንትራክተሩ ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን ይሞላዋል እንበል። (ይሞላዋል ብዬ ነው የምነሣው፤ ትቶት የሚሄደውን ለሌላ ቀን ላቆየው።) የተሞላ ጉድጓድ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ የደፈነ ገበሬ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ አፈሩ ይተርፋል። አንዴ የተነካ አፈር ያብጣል፤ በመሐሉ አየር ይገባል፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። ይህ አንደኛው ጣጣ ነው። ሁለተኛው ተራው መገለባበጡ ነው። ሥርና ብስባሽ ያለበት ጥቁሩ የላይ አፈር ሲቆፈር መጀመሪያ ይነሣል፤ ለብቻው ካልተቀመጠ ሲሞላ ከሁሉም በታች ይገባል። ከሥር የወጣው ኮረትና ሕይወት የሌለው ቀይ አፈር ላይ ይወጣል። ለችግኙ የቀረበለት ማዕድ እንግዲህ ይኸው ነው። ከዚያ ዶዘሩ ይመላለስበትና ፊቱን እንደ አውድማ ይጠቀጥቀዋል። ከላይ አውድማ፣ ከውስጥ ገለባ። ዝናቡ ሲመጣ ላዩ ውኃውን አያስገባም፤ ስለማያስገባ ውኃው በሙሉ ይሮጣል። ሲሮጥ አንዲት ስንጥቅ ካገኘ ደግሞ ይገባና ልል የሆነውን ሆድ ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ላዩ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት ላም የምትገባበት ጉድጓድ ይሆናል። ተዳፋቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ሆኖ መስተካከሉ ደግሞ ለዓይን ቢያምርም ለጎርፉ ሜዳ ጠርጎ እንደ መስጠት ነው።

የበላይ መንገድ ፍሳሽ ወደዚያው ከተለቀቀበትማ አታንሡት።

አሁን ከኮረብታው ሥር ወዳለው ገበሬ እንውረድ። ይህ ሰው በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ዶማውን ይዞ ወደ ተፋሰስ ልማት ይወጣል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በዘመቻ የተያያዝነው ሥራ ነው፤ ሳምንታት ሙሉ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል፣ ጉድጓድ ይምሳል። የሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ተለክቶ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ታዲያ የዚህ ሰው ክትር የተሠራው ከእርሻ ለሚመጣ ጎርፍ ነው። ከላይ የተሞላው ጉድጓድ በአንድ ዶፍ የሚለቀውን ኮረትና ጭቃ እንዲችል ማንም አላሰላውም። ክትሩ በአንድ ክረምት ይሞላል። ሲሞላ ውኃው በላዩ ይዘላል፤ ሲዘል ሥሩን ይቆፍራል። የሦስት ዓመት ጉልበት በሦስት ሳምንት።

ሰውየው ወረዳ ሄዶ ቢያመለክት የሚሆነውን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለው ወግ በየወረዳው የሚሰማ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም።

«ልጄ፣ ከላይ የተደፋው አፈር ማሳዬን ደለል አለበሰው።»

«ጋሼ፣ አንቱ የሚሉት ቦታ እኮ መልሶ ለምቷል። ሰነዱ እዚህ አለ፤ ተረክበናል።»

«መልማቱንስ ለምቶ ይሆናል። እኔ የምልህ ማሳዬ ላይ ስለመጣው ነው።»

«ለመሆኑ ከዚያ መምጣቱን በምን ያውቃሉ? ከገበሬው ማሳ የመጣ ቢሆንስ?»

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄውም ተገቢ ነው! በምን ይታወቃል? ከላይ የወጣውን የለካ የለም፣ ከታች የደረሰውን የመዘነ የለም። ሽማግሌው ማስረጃ የላቸውም፤ ልጁ ደግሞ ፎቶግራፍ አለው። በፎቶግራፍና በአንድ ሽማግሌ አፍ መካከል መዝገብ ቤት ማንን እንደሚያምን ታውቃላችሁ።

ይህን የበለጠ መራራ የሚያደርገው ሕጉ ራሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ አንቀጽ 10 ላይ፣ የገጠር ባለይዞታ መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበትና መሬቱ ከተጎዳ የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል ገበሬው አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሕግ ነው። ስንት ገበሬ በዚህ ተቀጣ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው ሚዛኑን እዩት ነው። አፈሩን ያስጠረገ ገበሬ መሬቱን ይነጠቃል። ኮረብታውን ገልብጦ የሄደ ሰው ግን ችግኝ ተክሎ፣ ባነር ወጥሮ፣ ፊርማ ተቀብሎ ይሸኛል። ለአንዱ አፈር ንብረት ነው፤ ለሌላው ግን መንገዱን የዘጋበት ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።

የማዕድን አዋጁም ቢሆን ዝም አላለም። ባለፈቃዱ የጎዳውን አካባቢ ለማስተካከል የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ ካደረጋቸው አንዱ ባህላዊ ማዕድን አውጪው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም አለ። ወረቀት አላነሰንም። ያነሰን «ተስተካክሏል» የሚባለው ስንት ሲሆን ነው የሚለው ቁጥር ነው። በዓመት ከሄክታር ስንት ቶን ቢወጣ ነው ቦታው አልዳነም የምንለው? ይህ ቁጥር በሌለበት የተመደበው ገንዘብ የሚለቀቀው በዓይን ግምት ነው። የዓይን ግምት ደግሞ፣ መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ይለሰልሳል።

መለካት አንችልም እንዳትሉኝ። መለካት እንደምንችል ያሳየንበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ደቡብ ወሎ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰው ሐንስ ሁርኒና የግብርና ሚኒስቴር ባልደረቦች የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲያቋቁሙ የመጀመሪያውን ጣቢያ የተከሉት ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ ነው። ቀጥሎ እንደ አንዲት ጥድና አንጀኒ ያሉት ሌሎች ጣቢያዎች መጡ። ማይባር ወደ 113 ሄክታር የሚሆን ትንሽ ተፋሰስ ነው። እዚያ ምን ይሠሩ ነበር? ወንዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን ይዞ ይወርዳል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውኃ ይቀዳል። ውኃው ይጣራል፣ የቀረው ጭቃ ይደርቃል፣ ይመዘናል። በቃ! ጠርሙስ፣ ማጣሪያ፣ ሚዛን፣ እና ዝናብ ውስጥ የሚቆም ሰው።

ዛሬ አገሪቱ የምታውቃቸው ብዙ ቁጥሮች የተወለዱት ከእንዲህ ዓይነቱ ጠርሙስ ነው። ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ይሄዳል የሚለው የሁርኒ ግምት ከዚያ ሥራ የመጣ ነው። አፈር በተፈጥሮ የሚተካው ደግሞ እንደየቦታው በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን ነው ብሎናል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ቁጥሮች የእርሻ መሬት ናቸው። ተገልብጦ የተሞላ ኮረብታ የራሱ ማይባር የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ካርታ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአፈር መሸርሸርን ያጠናሉ፤ በጣም ያጠናሉ። የመመረቂያ ጽሑፎቹ መደርደሪያ ሞልተዋል። አብዛኞቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፦ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ካርታ። ካርታው የሚወጣው ከስሌት ነው። ስሌቱን ዊሽማየርና ስሚዝ የሚባሉ አሜሪካውያን ከእርሻ መደብ ላይ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ አጠናቀሩት፤ ሁርኒ በ1985 ለኢትዮጵያ አመቻቸው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የውኃ ቦረቦርን አይቆጥርም፤ ትናንት ተገልብጦ ዛሬ ለተደለደለ ክምርም አልተሠራም። የተሞላ ጉድጓድ ላይ ዋናው በሽታ ቦረቦር ሆኖ ሳለ ቦረቦርን በማይቆጥር ስሌት «አረንጓዴ» ብሎ መፈረም፣ የልብ በሽተኛን ጥርስ አይቶ ጤነኛ ነው እንደ ማለት ነው። ተማሪዎቹን አልወቅስም። ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ክረምት ላይ ይሞቃል፤ ቦረቦሩ ይበርዳል።

ታዲያ በወግዲ ባለ አንድ ቦታ ላይ ምን ይደረግ? ከጥርሱ እስከ ሚዛኑ ልዘርዝረው፤ በኋላ «አቅም የለንም» እንዳይባል።

ስምንት ሚሊ ሜትር ፌሮ ግዙ። በሃምሳ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። ተዳፋቱ ላይ ከላይ እስከ ታች በመስመር ትከሉት፤ ከመሬት በላይ የሚታየውን ለኩና በቀለም ምልክት አድርጉበት። ሰኔ ላይ ለኩ፣ ከየትልቁ ዝናብ በኋላ ለኩ፣ መስከረም ላይ ለኩ። አፈር ከሄደ ፌሮው ይረዝማል፤ ከላይ የመጣ ካረፈበት ያጥራል። እንግዲህ ሒሳቡ ይህን ያህል ነው፦ ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ሄደ ማለት አሥር ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው፤ በክብደት ከአሥር ቶን በላይ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሄደ ሁለት መቶ ሜትር ኩብ ነው። አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ የሚጭነው ሲኖትራክ አሥራ ሁለት ጊዜ ጭኖ እንደገና ይመለሳል ማለት ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር በዓይን አይታይም። ቆሞ የሚያይ ባለሥልጣን «ምንም አልሆነም» ይላል፤ ከታች ያለው ገበሬ ደጅ ግን አሥራ ሁለት ሲኖትራክ ጭቃ ተደፍቷል።

ፌሮ ብቻውን ያታልላል። አዲስ ሙሌት ዝናብ ሲጠጣ በራሱ ክብደት ስለሚሰምጥ፣ ፌሮውም አብሮ ሊወርድ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከቦታው መውጫ ላይ አንድ የደለል ማጠራቀሚያ ይሠራ፤ ድንጋይ ተክቦ፣ ወለሉ ተስተካክሎ። ክረምት ሲወጣ የሞላውን በአካፋ አውጥቶ መስፈር ነው። ከባዱ ኮረት እዚያ ይቀራል። ቀላሉ ጭቃ ግን ከውኃው ጋር ያልፋል፤ ለእርሱ የማይባሩ የአንድ ሊትር ጠርሙስ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ለፍርድ ቤት የሚበቃ ነገር ይወጣል። እና አንድ ነገር አትርሱ፦ አጠገቡ ያልተነካ ኮረብታ ላይም ሌላ መስመር ፌሮ ይተከል። ያለበለዚያ «ዝናቡ ዘንድሮ ከብዶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

የሚቃወሙኝን ላስተናግድ። አንደኛው፣ ከሁሉም ሁነኛው፣ እንዲህ ይላል፦ «የካባ ጉድጓድ ሁሉ ቢደመር ስንት ሄክታር ይሆናል? የአባይ ደለል የሚመጣው ከእርሻውና ከቦረቦሩ ነው። አንተ ግንዱን ትተህ ቅጠሉን ትቆጥራለህ።» እውነቱን ነው። ከስፋት አንጻር የማዕድን መሬት ከእርሻው ጋር አይወዳደርም፤ ከእርሻ ይልቅ ካባ አባይን ያደፈርሳል የሚል ሰው ካለ ከእኔ አልሰማም። ግን ለአገር ትንሽ የሆነ ነገር ለሰው ትንሽ ላይሆን ይችላል። ሩብ ሄክታር ራቁት ተዳፋት ለአባይ ተፋሰስ ምንም ነው፤ ከሥሩ ግማሽ ሄክታር ጤፍ ላለው ሰው የዓመት እንጀራ ነው። ደግሞም እርሻን ማዳን የሚሊዮኖችን አኗኗር መለወጥ ይጠይቃል፤ ይህኛው ግን ባለቤት አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ውል አለው፣ ማኅተም አለው። አንድን ሰው ጠርተን «አስተካክል» የምንልበት ብርቅ ቦታ ቢኖር እርሱ ነው፤ እርሱኑ ደግሞ አልፈነው ሄድን።

ሁለተኛው «ችግኝ ተክለናል» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረን ወዲህ ችግኝ መቁጠርን የሚያህል ሒሳብ የለንም። ችግኝ መልካም ነገር ነው። ሆኖም አፈር የሚይዘው መሬቱን አንቆ የያዘው ሣር እንጂ በሦስት ክንድ ርቀት የቆመ ቅርንጫፍ አይደለም። ከባሕር ዛፍ ሥር ያለውን መሬት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ዛፉ አርባ ክንድ ሆኖ እግሩ ሥር ግን ሣር አይበቅልም፣ ጎርፉም እንደ ልቡ ይሄዳል።

ሦስተኛው ስለ ጸጥታ ያነሣል። ይህንን አላቃልለውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ባለሙያን ከገጠር ነቅሎ ከተማ ውስጥ እንዳስቀመጠ ግልጽ ነው። ነገር ግን ፌሮውን የሚያነበው ከአዲስ አበባ የሚላክ ሰው መሆን የለበትም። ከኮረብታው ሥር የሚኖረው ገበሬ፣ ወይም ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ፣ ማስመሪያ ይዛ ታነበዋለች። ለነገሩ ግጭት ባልነበረበት ዘመንስ ማን አነበበው?

ሌላው ዓለም ይህን ከኛ ቀድሞ ያወቀው ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ ስለተቀጣ ነው። በዌልስ፣ አበርፋን በምትባል የከሰል መንደር፣ ከማዕድን የወጣ ቁልል በተራራ ላይ፣ ያውም በምንጭ ላይ ተከምሮ ነበር። ሰዎቹ ሥጋታቸውን ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ጠዋት ቁልሉ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው፤ 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። በዚህ አላበቃም። የቀሩትን ቁልሎች ለማንሣት ለሐዘንተኞች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150 ሺህ ፓውንድ ተወሰደ። ያን ገንዘብ መንግሥት የመለሰው በ1997፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ቁልል ከሚደፋው ይልቅ ሥሩ ያለው ሰው እንደሚከፍል የሚያሳይ ከዚህ የባሰ ታሪክ አላውቅም።

አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የገጸ ምድር ከሰል ማዕድንን የሚመለከት ሕግ አወጡ። ኩባንያው ቁፋሮ ሳይጀምር ዋስትና ያስይዛል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ቦታው ከተዘራ በኋላ ኩባንያው ለአምስት ዓመት፣ ዝናብ በሚያንስበት አገር ደግሞ ለአሥር ዓመት፣ ተጠያቂ ሆኖ ይቆያል። ለእኔ የጣመኝ አንቀጽ ግን ሌላ ነው፦ ከቦታው የሚወጣው ውኃ ከተፈቀደው በላይ ደለል ይዞ እስከወጣ ድረስ ያ የዋስትና ክፍል አይለቀቅም። ውኃው ይመሰክራል ማለት ነው። እዚያም ኩባንያ እየከሰረ፣ ዋስትናው እያነሰ፣ ብዙ ጉድጓድ ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ ፍጹም ናቸው አላልኩም። ቢያንስ ግን ጥያቄውን ለፎቶግራፍ ሳይሆን ለውኃው ነው ያቀረቡት።

«የኛ ማዕድን ገና ትንሽ ነው» ለሚሉ ወደ ደላንታ ዞር ይበሉ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። የደቡብ ወሎ ወጣት ገመድና ዶማ ይዞ ገደል ወገብ ላይ ወጣ። ድንጋዩ የዓለምን ገበያ አስደነቀ፤ ከዋሻው የወጣው ድፍድፍ ግን በተቆፈረበት ገደል ቁልቁል ተለቀቀ። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ዋሻ ተንዶ ወደ ሃያ የሚጠጉ ቆፋሪዎች ተዘጋባቸው ተብሎ ሰማን። ለሰው ነፍስ ያልተለካ ተዳፋት ለአፈር ይለካል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አብዛኛው ሥራ በባህላዊ አውጪ የሚሠራ በመሆኑ ደግሞ ገንዘብ መድብ የሚለው ሕግ አይነካውም። የደላንታ ደለል ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ በሽሎ ወደ አባይ። ከዚያ ወግዲ ግርጌ በኩል ያልፋል።

ለነገ ደግሞ የሚመጣ አለ። የአባይ ሸለቆ ግድግዳ ከላይ ጥቁር ድንጋይ ይሁን እንጂ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ተደርድሮበታል። ማዶ ደጀን ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆሟል፤ በሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ሌላ ትልቅ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቋል። እስከ ዛሬ የሸለቆውን ብዙ ወገን የጠበቀው ገደልነቱ ነው፣ መኪና ስለማይደርስበት። መንገድ ሲደርስ ፈቃድ ጠያቂውም ይደርሳል። ያኔ በካባ ጉድጓድ ላይ ያልተማርነውን በተራራ ላይ ልንማረው ነው?

ከታች ደግሞ ግድቡ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው። የወግዲ ገበሬም እንደ ሌላው ከዓመት ምርቱ ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። አባይ በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ተሸክሞ ድንበር ይሻገር እንደነበረ ሲነገረን ኖሯል፤ አሁን የሚሻገርበት ድንበር የለም፣ የሚተኛበት ሐይቅ ነው ያለው። ገበሬው ከላይ በጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ ከታች በገንዘቡ ግድብ ይሠራል። በመሐል ያለውን ቀይ ሜዳ ደግሞ ለባነር ትተነዋል።

መካነ ሰላም ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ወረዳው የማዕድን ባለሙያ አለው፣ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለው፤ ፌሮ የሚሸጥ ሱቅ ከተማው ውስጥ አለ። ካባው የተሞላበት ቦታ ማን እንደቆፈረው ይታወቃል፤ መረካከቢያ ሰነዱ ላይ የፈረመው ሰው ስሙ ተጽፏል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለወረዳው ነው፤ አንድ ብቻ ናት። በመጪው ሰኔ አንድ ቦታ ምረጡ፣ ሃያ ፌሮ ትከሉ፣ መውጫው ላይ ድንጋይ ካቡ፣ ርክክቡን ደግሞ ሦስት ክረምት አቆዩት። መስከረም ሲጠባ ፌሮውን ሲያነብቡ ከኮረብታው ሥር ያሉትን ሽማግሌ ጥሯቸው። ቁጥሩን በራሳቸው ዓይን አይተው፣ መዝገቡ ላይ ከኮንትራክተሩ ፊርማ ጎን አሻራቸውን ያኑሩበት።